አንድን ጎን የመዘንጋት ችግርን በመለየት ረገድ የነርሶች ሚና

ስትሮክ በዓለም ዙሪያ ለሞት ከሚዳርጉ ቀዳሚ በሽታዎች አንዱ ሲሆን፣ ከሞት የተረፉትንም ለረጅም ጊዜ የአካል ጉዳት የሚያጋልጥ የጤና ችግር ነው። ስለ በሽታው ሲነሳ አብዛኛው ሰው የሚያስታውሰው የእጅና የእግር መስነፍን፣ የአፍ መጣመምንና የንግግር መዘጋትን ነው። ይሁንና በርካታ ሕሙማን ከእነዚህ ምልክቶች ጋር ተደርቦ የሚመጣ፣ በቀላሉ የማይስተዋል ሌላ ችግር አለባቸው። ይኸውም ከሰውነታቸውና ከአካባቢያቸው አንዱን ጎን ሙሉ በሙሉ ወይም በከፊል መዘንጋት ነው።

በሕክምናው ሙያ «ዩኒላተራል ኔግሌክት» ተብሎ የሚጠራው ይህ ችግር የዓይን ወይም የጆሮ ሕመም አይደለም። ሕመምተኛው ዓይኑ እያየና ጆሮው እየሰማ፣ ከተጎዳው የአንጎል ክፍል በተቃራኒ በሚገኘው ጎን ያለውን ነገር ልብ ሊለው አይችልም። የትሪውን ግራ ግማሽ ሳይነካ «ምግቡ አልቋል» ይላል፤ የሸሚዙን ቀኝ እጅጌ ለብሶ ግራውን ይተወዋል፤ በግራ በኩል ቆሞ ለሚያነጋግረው ሰው ፊቱን ሳያዞር ቀርቶ በቀኝ በኩል ላለው ይመልሳል። ችግሩ ጠንከር ሲል የራሱን ግራ እጅ የሌላ ሰው እጅ እንደሆነ አድርጎ እስከመናገር ይደርሳል።

ችግሩ ከሁለቱም የአንጎል ክፍሎች ጉዳት ሊከተል ቢችልም በብዛት የሚታየው፣ የሚከፋውና ለረጅም ጊዜ የሚቆየው የቀኝ አንጎል ክፍል ሲጎዳ ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመ በርካታ ጥናቶችን ያጠቃለለ ትንተና እንደሚያመለክተው ከስትሮክ ሕሙማን 30 በመቶ ያህሉ ይህ ችግር ይታይባቸዋል። አኃዙ የቀኝ አንጎል ክፍል ጉዳት ባለባቸው ሕሙማን ዘንድ 38 በመቶ፣ የግራው በተጎዳባቸው ዘንድ ደግሞ 18 በመቶ ነው። ለልዩነቱ የሚሰጠው በሰፊው የታወቀ ማብራሪያ የቀኙ አንጎል ክፍል ትኩረትን ወደ ሁለቱም ጎኖች የሚመራ ሲሆን የግራው ግን በዋናነት ወደ ቀኝ ብቻ የሚመራ ነው የሚል ነው። በመሆኑም የግራው ሲጎዳ ቀኙ ይተካዋል፤ ቀኙ ሲጎዳ ግን ለግራው ጎን የሚተርፍ ጠባቂ አይኖርም።

በዚህ ረገድ በቅድሚያ ሊታረም የሚገባው አስተሳሰብ ሕመምተኛውን እንደ ቸልተኛ፣ እንደ እልከኛ ወይም እንደ ሰነፍ መቁጠር ነው። አንድን ጎን የዘነጋ ሰው መዘንጋቱን ራሱ አያውቅም። የጎደለው ነገር እንዳለ ስለማይሰማው አቤቱታ አያቀርብም፤ ስለማያቀርብም ችግሩ በሕክምና ካርዱ ላይ ሳይጻፍ ሊቀር ይችላል። ሕመምተኛው የማይናገረውን ችግር የማግኘት ኃላፊነት እንግዲህ በባለሙያው ላይ ይወድቃል ማለት ነው።

ጉዳዩ በአገሪቱ የጤና አገልግሎት አደረጃጀት ውስጥ እንዴት እንደሚታይ ለመረዳት በወላይታ ዞን በቦሎሶ ሶሬ ወረዳ፣ በአረካ ከተማ አቅራቢያ የምትገኘውን ዱቦን በምሳሌነት መውሰድ ይቻላል። በዱቦ በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሥር የሚተዳደረው የቅድስት ማርያም የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ይገኛል። በአገሪቱ የጤና ተቋማት ደረጃ መሠረት አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ከ60 ሺህ እስከ 100 ሺህ ለሚደርስ ሕዝብ አገልግሎት እንዲሰጥ የታሰበ ሲሆን፣ ከበላዩ ጠቅላላና ስፔሻላይዝድ ሆስፒታሎች፣ ከበታቹ ደግሞ ጤና ጣቢያዎችና ጤና ኬላዎች ይገኛሉ። በዞኑ ከፍተኛውን የሪፈራል አገልግሎት የሚሰጠው በወላይታ ሶዶ ከተማ የሚገኘው የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ኮምፕሪሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ነው።

በመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል የሲቲ ስካን መሣሪያም ሆነ የነርቭ ሐኪም አብዛኛውን ጊዜ አይገኝም። በአደጉት አገሮች ይህን ችግር በመለየት ረገድ ከፍተኛ ድርሻ ያላቸው የኦኪዩፔሽናል ቴራፒና የነርቭ ሥነ ልቦና ባለሙያዎችም በአገሪቱ ቁጥራቸው እጅግ ውስን ነው። በሁሉም ደረጃ ባሉ ሆስፒታሎች ግን ነርሶች አሉ። ሐኪም ሕመምተኛውን በጉብኝት ሰዓት ለጥቂት ደቂቃዎች ሲያየው ነርሶች ቀንና ሌሊት እየተፈራረቁ ሲመገብ፣ ሲታጠብ፣ ሲለብስና ከአልጋ ሲነሳ ያዩታል። አንድን ጎን የመዘንጋት ችግር ደግሞ ከማንኛውም መሣሪያ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው በእነዚሁ የዕለት ተዕለት ክንውኖች ላይ ነው።

ይሁን እንጂ በውጭ አገር የመማሪያ መጻሕፍት የሰፈሩት ምልክቶች በኢትዮጵያ የተኝቶ ሕክምና ክፍሎች እንዳሉ ላይታዩ ይችላሉ። ለዚህ የመጀመሪያው ምክንያት የአመጋገብ ባህል ነው። በአገሪቱ ምግብ የሚበላው በቀኝ እጅ በመሆኑ ግራ እጁን የዘነጋ ሰው በማዕድ ላይ ምንም የጎደለው አይመስልም። ከቤተሰብ ጋር ከአንድ ትሪ ሲበላም ማንኛውም ጨዋ ሰው እንደሚያደርገው በፊቱ ካለው ብቻ ስለሚቆርስ፣ በግራው ያለውን መተዉ እንደ ሥርዓት እንጂ እንደ ሕመም ምልክት አይቆጠርም። በመሆኑም ነርሶች ቢያንስ አንድ ጊዜ ለሕመምተኛው ምግቡ ለብቻው፣ በራሱ ሳህን፣ በፊት ለፊቱ መሐል ላይ እንዲቀርብለት አድርገው ከበላ በኋላ የተረፈው በየትኛው ጎን እንደሆነ መመልከት ይኖርባቸዋል።

ሁለተኛው ምክንያት የአስታማሚዎች ሚና ነው። በዱቦም ሆነ በሌሎች ሆስፒታሎች አልጋ አጠገብ እናት፣ ሚስት፣ ልጅ ወይም እህት አይጠፉም። እነዚህ አስታማሚዎች ሕመምተኛውን ያጎርሱታል፣ ፊቱን ያጥቡታል፣ ያለብሱታል፣ ይደግፉታል። ይህ መልካም እንክብካቤ ሕመምተኛው ራሱ ምን ማድረግ እንደተሳነው ይሸፍናል። አስታማሚዎች በሌላ በኩል ለነርሶች ከሁሉ የላቁ የመረጃ ምንጮች ናቸው። «ከታመሙ ወዲህ በግራ በኩል ሲጠሯቸው ይሰማሉ ወይ?»፣ «ግራ እጃቸው ከሥራቸው ታጥፎ ሲቀር ያስተውላሉ ወይ?»፣ «ሲራመዱ በየትኛው ጎን ይጋጫሉ?» የሚሉ ጥያቄዎች የብዙ ሰዓት ክትትል የሚያስገኘውን መረጃ በአጭር ጊዜ ሊያስገኙ ይችላሉ።

ምዘናው ሕመምተኛው ሳያውቅ በሚደረግ ምልከታ ይጀመራል። ጭንቅላቱና ዓይኑ ዘወትር ወደ ቀኝ ያዘነበሉ መሆን አለመሆናቸው፣ ከግራ በኩል ለሚመጣ ድምፅ የሚሰጠው ምላሽ፣ በግራ በኩል የተቀመጠለትን የውኃ ብርጭቆ ማግኘት መቻሉ፣ የፊቱን ሁለቱንም ጎን መታጠቡ ይታያል። በምልከታው ወቅት የአልጋው አቀማመጥም ግምት ውስጥ መግባት አለበት። የአልጋው ግራ ጎን ከግድግዳ ጋር የተጠጋ ከሆነ ሰው ሁሉ የሚመጣው በቀኝ በኩል ስለሚሆን ችግሩ ሳይታይ ሊቆይ ይችላል።

ቀጥሎ ጥቂት ደቂቃዎች ብቻ የሚወስዱ፣ ምንም መሣሪያ የማይጠይቁ ምርመራዎች ይደረጋሉ። ሕመምተኛው «በቀኝ እጅዎ ግራ እጅዎን ይንኩ» ሲባል ሳያመነታ መንካቱ፣ እየፈለገ መድረሱ፣ ወይም ጭራሽ አለመሞከሩ ይመዘገባል። ከዚያም ነርሷ ወይም ነርሱ በመጀመሪያ ግራ እጁን ብቻ፣ ቀጥሎ ቀኙን ብቻ፣ በመጨረሻም ሁለቱንም በአንድ ጊዜ በመንካት የትኛው እንደተነካ ይጠይቃሉ። ለየብቻ ሲነካ ሁለቱንም የሚያውቅ፣ በአንድ ጊዜ ሲነካ ግን ቀኙን ብቻ የሚናገር ሕመምተኛ ቀለል ያለው የችግሩ መልክ ሊኖርበት ይችላል። ይህ ፍተሻ በዓይን እይታና በድምፅም ሊደገም ይችላል። ትእዛዞቹ ሕመምተኛው አፉን በፈታበት ቋንቋ መሰጠታቸው ከፍተኛ ጠቀሜታ አለው። በወላይታ ገጠር ለሚኖር አረጋዊ በአማርኛ የተሰጠ ትእዛዝ አለመፈጸሙ የቋንቋ እንጂ የአንጎል ችግር ላይሆን ይችላል።

በወረቀት ላይ የሚደረጉ ፈተናዎችም አሉ። 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው አግድም መስመር ተሰምሮ ሕመምተኛው መካከሉን እንዲያመለክት ሲጠየቅ ግራውን የዘነጋ ሰው ምልክቱን ከመካከል ወደ ቀኝ አርቆ ያደርጋል። በ1973 እ.ኤ.አ. ከቀረበው የአልበርት ፈተና ጀምሮ በስፋት በሚሠራበት ሌላ ዘዴ ደግሞ በወረቀት ላይ የተበተኑ መስመሮችን አንድ በአንድ እንዲሰርዝ ይጠየቃል፤ በግራ በኩል ሳይሰረዙ የቀሩት ይቆጠራሉ። የሰዓት ሥዕል ሲሥል ቁጥሮቹን ሁሉ በቀኙ ግማሽ ላይ ማጨቅም የታወቀ ምልክት ነው።

እነዚህ ፈተናዎች እርሳስ መያዝን ለለመደ ሰው የተዘጋጁ ናቸው። ትምህርት ቤት ላልገባ አርሶ አደር እርሳስ ራሱ እንግዳ ስለሚሆን ውጤቱ ሊያሳስት ይችላል። ለዚህ ተስማሚ የሚሆነው በ1996 እ.ኤ.አ. በስዊድን ተመራማሪዎች የቀረበው ዘዴ ነው። በዚህ ዘዴ ሕመምተኛው 16 ትናንሽ ኩቦችን ዳቦ ለመጋገር በትሪ ላይ እንደሚደረደር ሊጥ በእኩል ርቀት እንዲያዳርሳቸው ይጠየቃል። ጤነኛ ሰው ስምንቱን በግራ፣ ስምንቱን በቀኝ ወይም ለዚያ በቀረበ ሁኔታ ያስቀምጣል። በግራ ከሰባት በታች፣ በቀኝ ከዘጠኝ በላይ ካስቀመጠ ችግሩ መኖሩ ይጠረጠራል። ዘዴው ማንበብና መጻፍን አይጠይቅም፤ የሚያስፈልገውም ትሪና መጠናቸው እኩል የሆኑ 16 ጥቃቅን እንጨቶች ብቻ ነው።

ችግሩ በዓይን ፊት ባለው ነገር ላይ ብቻ የማይወሰን መሆኑን ያሳየው ደግሞ ቢዚያክና ሉዛቲ የተባሉ ኢጣሊያውያን ተመራማሪዎች በ1978 እ.ኤ.አ. ያወጡት ሥራ ነው። ተመራማሪዎቹ የሚላን ከተማን ዋና አደባባይ ጠንቅቀው የሚያውቁ ሕሙማን በአደባባዩ አንድ ጫፍ ቆመው እንደሚመለከቱ በማሰብ የሚያዩትን እንዲዘረዝሩ ጠየቋቸው። ሕሙማኑ በቀኝ በኩል ያሉትን ሕንፃዎች ጠርተው በግራ ያሉትን ተዉ። በተቃራኒው ጫፍ እንደቆሙ እንዲያስቡ ሲጠየቁ ደግሞ ቀደም ሲል የተዉአቸውን ጠርተው የጠሯቸውን ተዉ። ሕመምተኛው ከቤቱ ወደ አረካ ገበያ ሲሄድ በመንገዱ ግራና ቀኝ የሚያገኘውን፣ ሲመለስም እንዲሁ እንዲናገር በመጠየቅ ተመሳሳይ ፍንጭ ማግኘት ይቻላል።

ነርሶች ችግሩን ከሌሎች ተመሳሳይ ሁኔታዎች መለየትም ይጠበቅባቸዋል። በስትሮክ ምክንያት የእይታ መስኩን ግራ ግማሽ ያጣ ሰው ብዙውን ጊዜ ጉድለቱን ስለሚያውቅ ራሱን ወደ ግራ እያዞረ ያካክሳል፤ ግራውን የዘነጋ ሰው ግን ራሱን አያዞርም። ግራ እጁ የሰነፈ ሰው እጁን ባያንቀሳቅሰውም ይጠብቀዋል፤ የዘነጋው ሰው ግን በበሩ መቃን መካከል ሲጨፈለቅም ላያስተውል ይችላል። ሁለቱ ችግሮች በአንድ ሰው ላይ ሊደረቡ ስለሚችሉ አንዱ መገኘቱ ሌላውን አያስቀርም። የመስማት ችግር፣ ራስን የመሳትና የመደናገር ሁኔታም በቅድሚያ መታየት አለባቸው።

በስፋት የሚሠራበት የስትሮክ ክብደት መለኪያ በዚህ ረገድ ውስንነት አለው። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ያዘጋጁት መለኪያ ከጠቅላላው 42 ነጥብ ለዚህ ችግር የሚሰጠው 2 ነጥብ ብቻ ሲሆን፣ ከቋንቋ ጋር ለተያያዙ ክንውኖች 7 ነጥብ ይሰጣል። በመሆኑም ጥሩ የሚናገር፣ ነገር ግን ግራውን ሙሉ በሙሉ የዘነጋ ሕመምተኛ ቀላል ስትሮክ እንዳጋጠመው ተደርጎ ሊመዘገብ ይችላል። በአንጻሩ በፈረንሳይ የተዘጋጀው የካትሪን ቤርጌጎ መለኪያ 10 የዕለት ተዕለት ክንውኖችን ይመለከታል። ፊትን ማጽዳት፣ ግራ እጅጌን ማስተካከል፣ በሳህን ግራ በኩል ያለውን ምግብ መብላት፣ ከምግብ በኋላ የአፍን ግራ ጎን ማጽዳትና በግራ ካሉ ነገሮች ጋር አለመጋጨት ከእነዚህ መካከል ይገኛሉ። ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ነጥብ ይሰጣል፤ ድምሩ ከ1 እስከ 10 ሲሆን ቀላል፣ ከ11 እስከ 20 መካከለኛ፣ ከ21 እስከ 30 ከባድ ተብሎ ይመደባል። ሕመምተኛው ለራሱ የሚሰጠው ነጥብ ነርሶች ከሰጡት ጋር ሲነጻጸር ችግሩን ምን ያህል እንደማያውቀው ያሳያል።

ምዘናው ፋይዳ የሚኖረው ወደ ተግባር ሲለወጥ ነው። ችግሩ የተገኘበት ሕመምተኛ የመውደቅ አደጋው ከፍተኛ በመሆኑ መጥሪያው፣ የመጠጥ ውኃውና ለደኅንነቱ የሚያስፈልጉት ነገሮች በሚያስተውለው ጎን ይቀመጡለታል። አስቸኳይ መልእክትም በዚያው በኩል ይነገረዋል። ጎን ለጎን ግን ወደ ግራ እንዲመለከት ቀስ በቀስ ማለማመድ ያስፈልጋል። በሳህኑ ወይም በጠረጴዛው ግራ ጠርዝ ላይ ደማቅ ቀይ ምልክት ማድረግና «ቀዩን እስኪያገኙ ይመልከቱ» እያሉ ማሳሰብ የተለመደ ዘዴ ነው። በግራ ጉንጩ የተረፈ ምግብ ወደ መተንፈሻ አካል እንዳይገባ ከእያንዳንዱ ምግብ በኋላ አፉ ይታያል፤ ግራ እጁ ከሰውነቱ ሥር እንዳይታጠፍ፣ በግራ ጎኑም የመኝታ ቁስል እንዳይወጣ ክትትል ይደረጋል።

አብዛኛው መሻሻል የሚታየው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ቢሆንም በአንዳንድ ሕሙማን ላይ ችግሩ ከዚያ አልፎ ይዘልቃል። ስለዚህ ምዘናው አንድ ጊዜ ተደርጎ የሚተው ሳይሆን ሕመምተኛው ሲገባ፣ በቆይታው ወቅትና ከመውጣቱ በፊት የሚደጋገም መሆን አለበት። ከሆስፒታል ሲወጣ ለቤተሰቡ የሚሰጠው ምክር ከኑሮው ጋር የተገናዘበ ሊሆን ይገባል። ምድጃ አጠገብ በግራ ጎኑ እንዳይቀመጥ፣ ቢላዋና ማጭድ ብቻውን እንዳይዝ ማድረግ ያስፈልጋል። በተለይ የመንገድ ጉዳይ ብርቱ ጥንቃቄ ይሻል። በአገሪቱ ተሽከርካሪዎች ቀኛቸውን ይዘው ስለሚጓዙ ከመንገድ ዳር ተነስቶ ለሚሻገር እግረኛ መጀመሪያ የሚደርስበት መኪና ወይም ባጃጅ የሚመጣው ከግራው ነው። ይህም ሕመምተኛው የማያስተውለው ጎን መሆኑ ነው። በእግሩ መራመድ ስለቻለ ብቻ «ድኗል» ተብሎ ወደ ሶዶ ወይም ወደ አረካ ጎዳና ብቻውን እንዲወጣ መፍቀድ ለአደጋ ማጋለጥ ይሆናል።

እነዚህን ተግባራት ለማከናወን ከፍተኛ በጀት አያስፈልግም። የሚያስፈልገው በየደረጃው ያሉ ኃላፊዎች ለነርሶች ምዘና ቦታ መስጠታቸው ነው። በነርሶች የመመዝገቢያ ቅጽ ላይ «አንድን ጎን የመዘንጋት ምልክት አለ ወይስ የለም» የሚል አንድ መስመር ከሌለ፣ በሌሊት ተረኛው የታየው ለቀን ተረኛው ሳይተላለፍ ይቀራል። ከዱቦ ወደ ሶዶ በሚላክ የሪፈራል ወረቀት ላይ ካልሰፈረ ተቀባዩ ሆስፒታል እንደ አዲስ መጀመር ይኖርበታል። ወደ ቀበሌው ሲመለስ ለጤና ጣቢያውና ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ካልተገለጸም የቤት ለቤት ክትትሉ የደም ግፊትን ከመለካት ያለፈ አይሆንም። የነርሲንግ ትምህርት የሚሰጡ ተቋማትም ምዘናውን ከንድፈ ሐሳብ ባሻገር በተግባር ልምምድ ማካተታቸው ጠቃሚ ነው።

ጉዳዩ የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎችንም ይመለከታል። ከስትሮክ ያገገመ ሠራተኛ ንግግሩና አካሄዱ ተስተካክሎ ወደ ሥራው ሲመለስ የሰነዱን ግራ ዓምድ ሳያነብ ሊፈርም፣ በሒሳብ መዝገብ ላይ የግራውን አኃዝ ሊዘል ይችላል። ለጥፋቱ ማስጠንቀቂያ ከመጻፍ በፊት ወደ ሕክምና ተመልሶ እንዲታይ ማድረግ ተገቢ ይሆናል። በተለይ የአሽከርካሪነት ሥራ ላይ ያለ ሠራተኛ ይህ ችግር እንደሌለበት በሐኪም ሳይረጋገጥ መሪ ሊይዝ አይገባም።

አንድን ጎን የመዘንጋት ችግር ያለበት ሕመምተኛ ስለ ችግሩ አቤት አይልም፤ የጎደለውን አያውቀውምና። ስለ እርሱ ሊናገሩለት የሚችሉት በአልጋው አጠገብ የሚገኙት ነርሶችና አስታማሚዎች ናቸው። ያዩትን የሚጽፉበት ቅጽ፣ የሚያዩበት በቂ ጊዜና የጻፉትን የሚያነብ ኃላፊ ሲያገኙ፣ እንደ ዱቦ ባለ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታልም ቢሆን በአንድ ትሪና በጥቂት ጥያቄዎች ሕመምተኛውን ከውድቀት፣ ከቃጠሎና ከተሽከርካሪ አደጋ መጠበቅ ይቻላል።